ለገብረ መድኅን የተሳለችው ማናት?

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … እንዴ፣ ትሩፋት! በትልቁ ስልክሽ ደወልሽ እንዴ? ቁጥሩን ሳየው ሌላ ሰው መስሎኝ ድምፄን አስተካክዬ ነው ያነሳሁት። ያንን መስመር እኮ ለማንም አትነኪውም ነበር፤ ሁልጊዜ በትንሿ አይደል የምትደውዪልኝ? … ካርድ አልቆባት ነው? … እሺ፣ እሺ፣ በየትኛውም ይሁን፣ እንኳን ደወልሽ። ሰው አጥቼ ከግድግዳ ጋር ላወራ ምንም አልቀረኝም ነበር።

— ደህና ነኝ። … ደህና አይደለሁም። ቆይ፣ ማድ ቤት ልግባ፤ እሱ ሳሎን ተቀምጧል። ያ በሽታ ቀኝ ጎኑን ሲወስድ፣ ምላሱን ሲያስር፣ ጆሮውን አልነካውም። እንደውም ብሶበታል። … መዝገቡ! ትሩፋት ናት! ሰላም ትልሃለች! … ሻዩን በግራ እጅህ ያዘው፣ ቀስ ብለህ፣ ይፈስብሃል! … ሰላም ይልሻል። ፊቱ ፍክት ብሏል ዛሬ። ለምን እንደፈካ ደግሞ አሁን እነግርሻለሁ።

— በሩን ዘጋሁት። ትሰሚኛለሽ? … ዛሬ የውሃ ፈረቃችን ስለሆነ በርሜል እየሞላሁ ነው፣ የምትሰሚው ድምፅ እሱ ነው። … አይ፣ አንቺ የምትነግሪኝን በኋላ ንገሪኝ፣ መጀመሪያ የኔን ስሚኝ። ትሩፌ፣ ባሌ ላይ ሴት አለችበት።

— አትሳቂ! … "በዚህ ሁኔታው?" ነው ያልሽው? አዎ፣ በዚህ ሁኔታው! እኔስ ምኑ ነው የገረመኝ? ጤነኛ ሆኖ ሃይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ ከፍቶ፣ የሴት ቀሚስ ሲለካ ሲቆርጥ በዋለበት ዘመን አንድ ቀን ሳልጠረጥረው፣ አሁን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ ሲያቅተው! ቆሽቴ አርሯል ብዬሻለሁ።

— እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ዛሬ ግንቦት ሃያ አንድ አይደል፣ ማርያም። ጠዋት አንሶላውን አጥቤ ላሰጣ መስኮቱን ከፈትኩት። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ከኛ አራተኛ ፎቅ ሲሰሙት አልጋ ሥር የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ስለት ይነበባል። አንዷ ልጅ ወልዳ ምንጣፍ አስገባች፤ አንዱ ከእስር ተፈትቶ ሻማ፤ ሌላዋ ምን፣ ሌላው ምን። እኔ ጆሮዬ እዚያ ነው፣ እጄ አንሶላ ይጨምቃል። ከዚያ ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ስሟ እንዳይጠራ የፈለገች እህታችን፣ ገብረ መድኅን ከስምንት ወር የአልጋ ቁራኛነት ተነስቶ በእግሩ ቢቆም ብላ የተሳለችው ስለት ደርሶላት፣ ጃንጥላ አስገብታለች፣ እልል በሉላት!" አይልም መሰለሽ! ሕዝቡም እልልልል አለ። አንሶላው ከእጄ አመለጠ። ሦስተኛ ፎቅ የነሃምዛ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አሁንም እዚያው ነው። ይንጠልጠል።

— ገብረ መድኅን እኮ የመዝገቡ የክርስትና ስም ነው! … ስንት ገብረ መድኅን አለ፣ አውቃለሁ፤ ስምንት ወር ተኝቶ የቆመ ገብረ መድኅን ግን ስንት ይኖራል? ጀሞ ውስጥ ቁጠሪልኝ እስኪ። ደግሞስ የክርስትና ስም እንዲሁ ለመንገደኛ የሚነገር ነው? እናቱ፣ ነፍሷን ይማረውና። የንስሐ አባቱ። እኔ። በቃ። አራተኛዋ ከየት መጣች?

— ሌላው ይቅር፣ መቆሙን ማን ነገራት? … አዎ፣ ቆሟል። ለአንቺም አልነገርኩሽም፣ አትቀየሚኝ። ዓይን ፈርቼ ነው። ማክሰኞ ዕለት ነው። በብብቱ ገብቼ ደግፌው፣ ግድግዳውን በግራ እጁ ይዞ፣ ተነሳ። እግሩ እየተንቀጠቀጠ። እኔ እቆጥራለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሃያ ስደርስ እንባዬ አላስቆጥር አለኝ። መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ አጥፍቼ ነው ደስታዬን ብቻዬን የበላሁት። ታዲያ እሷ እንዴት አወቀች? በምን ሰማች? … ቆይ፣ ቆይ፣ አታቋርጪኝ።

— ማን ትሆናለች ብለሽ ነው? ቲና ናታ! … ቲናን አታውቂያትም? ከሱቁ አጠገብ ክርና ቁልፍ የምትሸጠዋ፣ ቤተልሄም፣ ቲና የሚሏት፤ ቅንድቧን በእርሳስ የምትሥለው። መስከረም ላይ በወደቀ ዕለት ሆስፒታል መጥታ የሠራችውን ረሳሽው? "ወንድሜን! ወንድሜን!" ብላ ከእኔ በላይ አለቀሰች። ነርሷ ስትሮጥ መጥታ፣ "አይዞሽ፣ ባለቤቱ ነሽ?" ብላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠቻት። ለሷ! እኔ እኮ አጠገቧ ቆሜያለሁ፣ ጫማ እንኳን አላጠለቅኩም ነበር፣ በነጠላ ጫማ ነው የሮጥኩት። ስምንት ወር ሙሉ ያችን ብርጭቆ ውሃ አልረሳኋትም። አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ናት።

— ምስኪን ናት አትበይኝ። አንቺ ሁሉም ሰው ምስኪን ነው። … ምን ማስረጃ? ማስረጃማ አለኝ። እልልታው ሲቀልጥ ዞር ብዬ እሱን አየሁት። ፈገግ ብሏል! ያችን ጎደሎ ፈገግታውን ታውቂያታለሽ፣ በግራ በኩል ብቻ የምትወጣዋን። ወር ሙሉ ለምኜ አንዴ የማገኛትን! ለድምፅ ማጉያ ፈገግ አለላት! ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። "መዝገቡ፣ ማናት?" አልኩት። "ማ… ማር… ያም" ይለኛል። ማርያም ለራሷ ጃንጥላ ትገዛለች እንዴ! አልኩት። ሳቀ። ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ነኝ የጠረግኩት፣ ሌላ ማን ይጠርግለታል።

— አይደለም፣ አልጮህኩም። … ትንሽ ጮኼያለሁ። … ቆይ እስኪ ቧንቧውን ልቀንስ።

— አለሽ? … ሄሎ? … እሺ። ትሩፌ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ከቲናም በላይ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እኔም ተስዬ ነበር እኮ። አንቺ ታውቂያለሽ። ገና በወደቀ በሳምንቱ፣ "እመቤቴ፣ ከዚህ አልጋ አንሺልኝና ጃንጥላ" ብዬ። ተስዬም አልቀረሁ፣ ሄጄ ገዛሁት። ሐምራዊ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። ቁምሳጥን ላይ በላስቲክ ጠቅልዬ ሰቀልኩት። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ ከዚህ ፎቅ አራት ሰው ለምኜ በወንበር አስወርጄ ፊዚዮቴራፒ ሕክምና እወስደዋለሁ፣ አራት ሰው ለምኜ አስወጣዋለሁ። እሱ እንደ እንጨት ነው። ጃንጥላው እዚያ ላይ ተጋድሞ ያየኛል።

— ከዚያ ጥር ሃያ አንድ። አስተርእዮ ማርያም። ያን ቀን ልረሳው አልችልም። ምግብ ላቀርብ ማድ ቤት በገባሁበት ከአልጋ ወድቆ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ተቀረቀረ። ጎትቼ አላወጣው፣ ገፍቼ አላነሳው። "የሰው ያለህ!" ብዬ ኮሪደር ወጣሁ። ማንም የለም። የፎቃችን ሰው ሁሉ ንግሥ ሄዷል! እዚያ ለማርያም ይዘመራል፣ እዚህ እኔ ሰው አጥቻለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሃምዛ ከሥራ ሲገባ ጩኸቴን ሰምቶ ነው ሮጦ ወጥቶ ያነሳልኝ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና፣ ቀና ብዬ፣ "ስለቴን መልሼ ወስጃለሁ" አልኳት። "ጃንጥላውንም አትጠብቂ። ልጅሽንም ከዚህ በኋላ አልጠይቀውም። እኔና እሱ ተለያይተናል" አልኩ። እግዚአብሔርን እኮ ነው ያልኩት ትሩፌ። እንደ ጎረቤት አኮረፍኩት።

— ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። አንቺን ግን አይሻለሁ። ከዚህ መስኮት ጠዋት ጠዋት ነጠላሽን አጣፍተሽ ከብሎካችሁ ስትወጪ። ልንገርሽ? እቀናብሻለሁ። "የዚህችስ ጉልበት ከየት ይመጣል? ልጇ በረሃ ላይ ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ አሁንም ትሄዳለች፣ አሁንም ትሰግዳለች" እላለሁ። ቀንቼ መጋረጃውን እዘጋዋለሁ።

— እና አሁን ምን ሆነ? እኔ የተውኩትን ስለት ሌላ ሴት ተሳለችው፣ ደረሰላት! ስምንት ወር ወገቤን የሰበርኩት እኔ፣ እልልታው ለሷ! ያ ጃንጥላ የኔ ይሆን ነበር። ትንሽ ብታገሥ፣ አራት ወር ብቻ ብታገሥ፣ የኔ ነበር። እግዜር ሚስትየዋን ዘሎ ቁልፍ ሻጯን ሰማ። ይሄ ነው ያቃጠለኝ። ገባሽ?

— … ሄሎ? … ትሩፋት? … ተቆረጠ እንዴ? ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … አለሽ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?

— ያን ዕለትም እንዲህ ነበር ዝም ያልሽው። ጥር ላይ፣ "ስለቴን መልሼ ወሰድኩ" ብዬ ደውዬ ስነግርሽ። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ ስልሽ ነበር። … ምንም ሳትዪኝ፣ "ደህና ዋዪ አሴ" ብለሽ ዘጋሽው።

— … ትሩፋት።

— … አንቺ ነሽ እንዴ?

— … አንቺ ነሽ! … "ልነግርሽ ነበር የደወልኩት" አትበይኝ! ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳላዝን እየሰማሽኝ! ቲናን ስረግማት እየሰማሽኝ! … አቋረጥኩሽ፣ እሺ፣ አቋርጬሻለሁ፣ ታዲያ አንቺም አትጮሂም ነበር? ውይ… ውሃው! ውሃው ፈሰሰ! … ቆይ አትዝጊ! … እግሬ ረጠበ፣ ወለሉ ኩሬ ሆነ፣ ይሁን። … ምንም አይደለም መዝገቡ! በርሜሉ ሞልቶ ነው! አትነሳ! … አትነሳ ነው የምለው፣ እዩት እንግዲህ፣ መነሳት ለመደ ደግሞ!

— ከሰው ሁሉ አንቺ። ቲና ብትሆን ይሻለኝ ነበር! ቲናን እጠላታለሁ፣ ያልቃል። አንቺን እንዴት አድርጌ ልጥላሽ? … አትሳቂ። እያለቀስኩ ነው።

— ስሙን ከየት አገኘሽው? … እኔ? መቼ? … ሆስፒታል ኮሪደር ላይ? … የራጅ ፖስታው ጀርባ ላይ… አዎ። አዎ፣ "የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፣ ላስጸልይለት" አልሽኝ። እጄ አልጽፍ ብሎኝ አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ሙሉ በሙሉ ረስቼው። አራተኛዋ አንቺ ነሽ ለካ።

— መቆሙንስ? ማን ነገረሽ? … ከመስኮትሽ። እሺ፣ ፊት ለፊት ነን፣ ግን መጋረጃ ዘግቼ ነበር እኮ ማክሰኞ። … ሰኞ? ምን ሰኞ? የቆመው ማክሰኞ ነው። … ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ? እኔ የት ነበርኩ? … ወንበሩ ላይ። … አንገቴን ደፍቼ። … አዎ፣ ሌሊቱን ሆዱን ሲያመው ሳልተኛ ነው ያደርኩት፣ ጠዋት እንቅልፍ ጣለኝ። … ብቻውን? … የመስኮቱን ብረት ይዞ? ወድቆ ቢሆንስ! … አንቺ ምን ሆንሽ? … እጁን አነሳልሽ? የቱን እጁን?

— ቀኙን! … ቀኝ እጁን አነሳልሽ! ትሩፋት፣ ያ እጅ ለእኔ ማንኪያ አንስቶልኝ አያውቅም! ስምንት ወር ስጨምቀው፣ በቅባት ሳሸው፣ ስለምነው የከረምኩትን እጅ ለጎረቤት ሰላምታ! … ሰላምታ አይደለም? … ምንድን ነው ታዲያ?

— … ወደ አፉ? … ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። … ወደ ወንበሩ አመለከተልሽ። … ወደ እኔ።

— … "አትቀስቅሻት" ነው ያለሽ።

— … አለሁ። አለሁ፣ አልዘጋሁም። … እኔ እንድተኛ ነው። … ቆይ ግን፣ እና ማክሰኞ ዕለት ስደግፈው ሲንቀጠቀጥ፣ ስቆጥርለት… ሰኞ ተለማምዶ ነው? ለእኔ እንደ አዲስ ሆኖ? ይሄ ቀጣፊ! ሃያ ድረስ ቆጥሬ ሳለቅስ፣ አብሮኝ ሲያለቅስ! … ቆይ በሩን ልክፈት። መዝገቡ! ሰኞ ነው የቆምከው? … እንዴት እንደሚስቅ ብታዪው። አንተ፣ ቆይ ብቻ። ቆይ ትድናለህ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

— ዘጋሁት በሩን። … ትሩፌ፣ እሺ ይሁን። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ፣ የምር መልሺልኝ። ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። የቆሰለ ጀርባውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንቺ ከማዶ ሆነሽ ነጠላ አጣፍተሽ ሄድሽ። ለምን አንቺን ሰማ? እኔን ለምን አልሰማኝም? … የደወልሽው ስለ ሃይማኖት ልታስተምሪኝ ካልሆነ ይህቺን ብቻ መልሺልኝ።

— … ምን ማለት ነው "የኔን አልተሳልኩም"? … "ያንቺን ነው የያዝኩት"? አልገባኝም፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።

— … ያን ዕለት ስልኩን ዘግተሽ። … ተነስተሽ ቆምሽ። … "አሰገደች ደክሟት ነው፤ የተናገረችውን አትያዢባት። ስለቷን ጥላዋለች፣ እኔ አንስቼዋለሁ። እስክትመለስ ልያዝላት።" … እንዲህ ብለሽ ነው ለእመቤታችን የነገርሻት? … በእነዚህ ቃላት? … አራት ወር ሙሉ?

— … ለዚህ ነው ስምሽን ያላስጻፍሽው። … የኔ ስለት ስለሆነ። … ታዲያ ስሜን አታስጽፊም ነበር! "ወለተ መስቀል" ብለሽ! ትሩፋት፣ ያ እልልታ የኔ ነበር እኮ! ሳልሰማው! ማለቴ ሰምቼዋለሁ፣ ግን በቲና ስም ነው የሰማሁት፣ ጥርሴን ነክሼ! … አትሳቂ! ለመጀመሪያ ጊዜ እልል ተብሎልኝ አንሶላ ስጥል! … እኔም ሳቅኩ። አቤት፣ ሳቅና ልቅሶ ባንድ ላይ ሰው ይገድላል።

— አንቺ ግን ምን ዓይነት ሰው ነሽ? የራስሽ ልጅ እንዲያ ሆኖ፣ የራስሽ ሸክም እያለ የኔን ደርበሽ… እኔ ስምንት ወር አንድ ቀን እንኳን "ሚሳኤል ደወለ ወይ?" ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። የኔን ብቻ ሳወራ። ዛሬም ያው፣ አነሳሁት፣ ቲና፣ ቲና፣ ቲና…

— … ቆይ።

— ቆይ እስኪ። በትልቁ ቁጥርሽ ነው የደወልሽልኝ።

— ሚሳኤል የሚያውቀው እሱን ቁጥር ብቻ ነው። "ቢደውል ተይዞ እንዳያገኘው" ብለሽ ሁለት ዓመት ተኩል ሰው ያልደወልሽበት። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ከጡትሽ ሥር የማይወጣው። እኔ ራሴ አንዴ ተሳስቼ ስደውልበት "ልቀቂልኝ!" ብለሽ የጮህሽብኝ ስልክ። … ካርድ አልቆ አይደለም አይደል? … ትሩፌ፣ ይሄን ሁሉ ሰዓት መስመሩን ይዘሽዋል። ሚሳኤል ቢደውልስ?

— … ምን አልሽ? አልሰማሁሽም። … "አይደውልም።"

— … መጠበቁን መቼ ነው ያቆምሽው? … ከፋሲካ ወዲህ። … ስለቱንም? … ጸሎቱንም። … እና ጠዋት ጠዋት ስትሄጂ የነበረው? … ለመዝገቡ። ለመዝገቡ ብቻ። … ሃና ማርያም ሰፈር ያለው ልጅ፣ ማነው፣ ኢሉ፣ አብሮት የነበረው፣ ከሊቢያ ተመልሶ "እኔ አላየሁትም" ካለሽ ወዲህ። … ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? … አዎ። ብትነግሪኝም አልሰማሽም ነበር። እውነትሽን ነው።

— … ለእኔ ባል ጉልበት ነበረሽ፣ ለልጅሽ አለቀብሽ? … ለሌላ ሰው ሲሆን ይቀላል? … አዎ። አዎ፣ ገባኝ። ለራስሽ ሲሆን ገና አፍሽን ሳትከፍቺ "እምቢ ቢለኝስ" ትያለሽ። እኔም እኮ በጥር የፈራሁት እሱን ነው። ቁጣ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው።

— አታልቅሺ። … እሺ አልቅሺ።

— በይ አሁን ስሚኝ። ጨርሰሻል? … የልጅሽን ነገር ጥለሽዋል አይደል? … መልሺልኝ፣ ጥለሽዋል? … በቃ። እኔ አነሳሁት። … አይ፣ አንቺን ምንም አልጠየቅኩሽም! አንቺ ተስፋ አታድርጊ፣ አትስገጂ፣ ደክሞሻል፣ ተኚ። ሰኞ እኔ እንደተኛሁ ተኚ። የኔ ጃንጥላ ቁምሳጥን ላይ አለ፣ ላስቲኩ እንኳን አልተፈታም፤ አንቺ የራስሽን ገዝተሽ አስገብተሽልኛል። እሱ ከዛሬ ጀምሮ የሚሳኤል ነው።

— አዎ ከእግዜር ጋር ተኳርፌያለሁ። ኩርፊያውም ገና አልወጣልኝም። ተኳርፌም ሄጄ እነግረዋለሁ። "ትሩፋት የኔን እንደያዘችልኝ እኔም የሷን ይዣለሁ፤ ደክሟት ነው፣ የተናገረችውን አትያዝባት" እለዋለሁ። ደግሞ ልንገርሽ፣ ቅናተኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። አንቺ ለባሌ ተስለሽ ደርሶልሽ፣ እኔ ለልጅሽ ተስዬ ባይደርስልኝ እንቅልፍ የለኝም። ለእግዜርም እንቅልፍ አልሰጠውም። አንቺን ብቻ ሊሰማ አይችልም! … ሳቂ፣ አዎ፣ እንዲያ።

— ደሞ አንድ ነገር። የመዝገቡ ምላስ ገና ነው። ለምላሱ ልሳል ብትዪ መጀመሪያ እኔን አስፈቅጂ። … ባሌ ነው!

— አሁን የሚሳኤልን የክርስትና ስም… አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤት ሆነን አላውቀውም፣ አያሳፍርም? ብዕር ልያዝ፣ እዚህ የካሌንደሩ ጀርባ ላይ… ቆይ! አትንገሪኝ! አሁን አትንገሪኝ! በሚሳኤል መስመር አይደለም። በትንሿ ደውለሽ ንገሪኝ። … ቻርጅ የላትም? ሰክቺያት፣ መብራት አላችሁ አይደል፣ መስኮታችሁ ላይ አያለሁ። … አይ፣ ነገ አይሆንም፣ አሁን ሰክቺያትና ደውዪ፣ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ።

— … ምን? … በኋላ ትነግሪኛለሽ። አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። ይሄን ያህል ጊዜ ይዘንበታል፣ በቃ። … አመሰግናለሁም አትበይ! … ትሩፌ፣ የኔ እህት፣ እባክሽ ዝጊ። መስመሩን ልቀቂለት። … አንቺ አትችዪም?

— … እሺ። እኔ እዘጋዋለሁ።